ቆቦ ከጊዳን ይጀምራል

ጠያቂዋ ወደ ቆቦ አዲስ የተመደበች የጂኦግራፊ መምህርት ናት። መላሹ እዚያው ከተማ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አባታቸው በሆርማት ወንዝ ዳር የውሃ አባት የነበሩ ሰው ናቸው። ምልልሱ የተጻፈው ሜዳውን ሳያዩ የቆቦን ስም በዜና ብቻ ለሚሰሙ አንባቢዎች ነው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ተማሪዎቼ ስለ አማዞን ወንዝ ስጠይቃቸው ይመልሳሉ፤ ስለ ገዛ አገራቸው ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ስለ ቆቦ ትምህርት ላዘጋጅላቸው አስቤ ነው የመጣሁት። ከተማዋ መቼ እንደ ተቆረቆረች፣ ማን እንደ ቆረቆራት ቢነግሩኝ ከዚያ እጀምር ነበር።

ሽማግሌው፦ ደግ አስበሻል ልጄ፤ ግን ከዚያ አትጀምሪ። በምዕራብ በኩል ያ የቆመው የጊዳን ደጋ ነው፤ ከጀርባው ላስታ አለ። በምሥራቅ በኩል ዞብል ነው፤ ከዞብል ማዶ አፋር ይጀምራል። እኛ በሁለቱ መካከል በተዘረጋው የራያ ቆላ ሜዳ ላይ ነን፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ። የጊዳን ራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የቆቦን ታሪክ የምታገኚው በዚህ ቁልቁለት ላይ ነው። ማን ቆረቆራት ብለሽ ከጠየቅሽ ሁሉም የራሱን ሰው ስም ይጠራልሻል፤ ውሃው ከየት ይመጣል ብለሽ ከጠየቅሽ ግን ሁሉም እጁን ወደዚያ ተራራ ይዘረጋል።

መምህርቷ፦ የመሬቱን አፈጣጠርስ አውቀዋለሁ። ስምጥ ሸለቆው ሲሰነጠቅ ይህኛው መሬት ሰመጠ፤ ዞብል ሳይሰምጥ ቀረ።

ሽማግሌው፦ ትክክል። ታዲያ የሰመጠውን ምን ሞላው? ያ ተራራ ነዋ። በየክረምቱ አፈሩን፣ አሸዋውን፣ ጠጠሩን እያወረደ ሞላው። ገበሬው ጥቁር አፈር ብሎ የሚኮራበት መሬት ከደጋ ታጥቦ የመጣ ነው። ለደገኛው መከራ የሆነው ለቆለኛው ሲሳይ ሆነ ማለት ነው። ይህን ለልጆቹ ስትነግሪያቸው ሁለቱንም ንገሪያቸው፤ ጊዳን ላይ ማሳው ተሸርሽሮ ድንጋይ የቀረበት ገበሬ አለ።

መምህርቷ፦ ግን እኮ ዝናብ እዚህም ይዘንባል።

ሽማግሌው፦ ይዘንባል፤ አይታመንም እንጂ። በልግ የሚባለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይጥላል፤ ካልፈለገም ይቀራል። ክረምቱ ሐምሌ ይገባል፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ድንገት ያቆማል። ማሽላው ፍሬ ሊይዝ ሲል ዝናቡ ከሄደ ገበሬው ያጨደው አገዳ ብቻ ነው። ስለዚህ የራያ ቆላ ሰው ሁለት ሰማይ ያያል፤ አንዱ በራሱ ላይ ያለው ነው፣ ሌላው ደጋው ላይ ያለው። እዚህ ፀሐይ እያቃጠለን ጊዳን ሊጠቁር ይችላል። ያኔ ከሰዓታት በኋላ ሆርማት ይመጣል፤ በደቡብ በኩል ሮቢት አጠገብ ደግሞ ጎሊና፣ ከዚያ ወዲያ ከጎብዬ አልፎ አላ ውሃ። በጋ ላይ ብታያቸው አብዛኛው አሸዋና ድንጋይ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጎርፉ ሲመጣ ግን ከሩቅ ይሰማል፤ ድንጋይ ለድንጋይ ሲማታ።

መምህርቷ፦ ጎርፍ እኮ የሚሸሹት ነገር ነው።

ሽማግሌው፦ እዚህ ግን ወደ እርሱ ነው የሚሮጡት። አባቴን የማስታውሰው እንደዚያ ነው። ደጋው ከጠቆረ አይተኛም ነበር። የውሃ አባት ነበር፤ በማሳ ባለቤቶች የተመረጠ፣ ተራ የሚያስይዝ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ተራውን የሰረቀውን የሚቀጣ። ድምፁ ሲሰማ ጎረቤቱን ይጣራል፤ አካፋና ዶማ የያዘ ሁሉ በጨለማ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከወንዙ ዳር ከድንጋይ፣ ከቅርንጫፍና ከአፈር የተሠራ ጠለፋ አለ፤ ጎርፉን ከጎን ቆርጦ ወደ እናት ቦይ የሚያገባ። ከእናት ቦዩ ትንንሽ ቦዮች ይወጣሉ፤ ከዚያ ማሳው በግድብ ተከቦ ውሃውን ይይዛል። አንድ ሌሊት በደንብ የጠጣ ማሳ ለወራት እርጥበት ይዞ ይቆያል። ውሃው ይዞት የመጣው ደለል ደግሞ ማዳበሪያው ነው።

አሁን ልብ በይ፤ ጠለፋው ደካማ ሆኖ የሚሠራው ገበሬው አቅም አጥቶ አይደለም። ከልክ ያለፈ ጎርፍ ሲመጣ እንዲናድ ተብሎ ነው። ቢጠነክር ኖሮ ያ ሁሉ ውሃ ድንጋዩን ይዞ ማሳው ውስጥ ይገባና አፈሩን ጠርጎ ይሄድ ነበር። ሲናድ ጎርፉ በወንዙ ይወርዳል፤ ሰውም በማግስቱ ተሰብስቦ መልሶ ይሠራዋል። በኋላ ኢንጂነሮች በራያ ቆላ የሲሚንቶ ጠለፋዎችን ሠሩ። አንዳንዶቹ አገልግለዋል፤ ሌሎቹ በጥቂት ክረምት በደለል ተደፍነው ቀሩ። የደጋ ወንዝን ንጹሕ ውሃ እንደሚያመጣ ቆጥሮ የተሠራ በር፣ ግማሹ አፈርና ድንጋይ የሆነ ጎርፍ ሲመጣበት ምን ያድርግ? የገበሬውን የሚናድ ጠለፋ ኋላ ቀርነት ነው ብለው ለሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ማሳየት ያስፈልጋል።

መምህርቷ፦ ውሃው ቀድሞ የሚደርሰው ላይ ያለው ማሳ ላይ ነው። ታች ያለው ምን ይቀረዋል?

ሽማግሌው፦ የጠብ ሁሉ ምንጭ ይህ ነው። ላይኛው ቀድሞ ቢጠጣም እንዲያግት አይፈቀድለትም፤ ማሳው ሲሞላ ለቀጣዩ ይለቃል። ባለፈው ጎርፍ ያልደረሰው ሰው በሚቀጥለው ይቀድማል። ቦይ ሲጠረግ ያልመጣ ሰው ተራውን ያጣል ወይም ይቀጣል። ይህን ሕግ ያቆየው ፍርድ ቤት አይደለም፤ ላይኛውና ታችኛው ጠለፋውን ለመሥራት እርስ በርስ መፈላለጋቸው ነው። ላይኛው ብቻውን ጠለፋውን መልሶ ሊያቆመው አይችልም፤ የታችኛው ጉልበት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ውሃ ይለቅለታል። እኔ ብዙ የታሪክ መጽሐፍ አስተምሬአለሁ፤ ሰው እንዴት ተስማምቶ እንደሚኖር ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ግን አላጋጠመኝም።

መምህርቷ፦ ይህ ሁሉ ውሃ በዋነኛነት ለማሽላ ነው?

ሽማግሌው፦ ጤፍም፣ በቆሎም፣ ሽምብራም አለ። ግን ቆቦን የሚመግባት ማሽላ ነው። ቀድሞ ገበሬው የሚወዳቸው ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉት ነበሩ። ሚያዝያ ላይ በበልጉ ዝናብ ይዘራሉ፤ የሚሰበሰቡት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። እንጀራቸው ይጣፍጣል፤ አገዳቸው ረጅም ስለሆነ ከብት ይበላዋል፣ ቤት ይከደንበታል፣ ይነድዳል። በልጉ ከቀረ ግን ለእነርሱ ጊዜ የለም። ሐምሌ ላይ የሚዘራ፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ያስፈልጋል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ቆቦ የሙከራ ጣቢያ አለው፤ ሲፈትን የኖረው እንዲህ ያለውን ዘር ነው። ከወጡት ዝርያዎች መካከል አንዱ ሆርማት፣ ሌላው ጊራና ይባላል፤ የአካባቢያችን ስሞች ናቸው። ገበሬው ግን አጭሩን ዘር በሙሉ ልቡ አልወደደውም። ከብቱ ምን ይብላ? ተመራማሪ በኩንታል የሚቆጥረውን ገበሬው በአገዳም ይቆጥረዋል።

መምህርቷ፦ አቀንጭራ የሚሉት አረም ነገርስ? መንገድ ላይ ያየሁት ማሳ ሐምራዊ አበባ ሞልቶት ነበር።

ሽማግሌው፦ አበባው ያምራል፤ ገበሬውን ግን ያስለቅሰዋል። አቀንጭራ ሥሩን የማሽላው ሥር ላይ ተክሎ ምጥጥ ያደርገዋል። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር ትበትናለች፤ ያ ዘር አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ካልነካው አይበቅልም። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ሚስጥሩን የያዙት እዚህ ላይ ነው፤ ያንን ንጥረ ነገር በጣም ጥቂት ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ ቢገኝ አረሙ አይነቃም። ከዚያ ሥራ ከተገኙት ዝርያዎች አንዱ አገራችን ውስጥ ጎብዬ በሚል ስም ወጣ። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ለተማሪዎችሽ ሳይንስ ማለት ምን እንደሆነ የምታስረጂበት ነገር ካስፈለገሽ ከዚህ ማሳ አትውጪ።

መምህርቷ፦ ስለ ሰዉ እንነጋገር ጋሼ። የራያ ሰው ማን ነው? አንዱ አማራ ነው ይለኛል፣ ሌላው ትግሬ፣ ሌላው ኦሮሞ። ክፍል ውስጥ ይህን ሳነሳ መጠንቀቅ እንዳለብኝ ይገባኛል።

ሽማግሌው፦ ጥንቃቄሽ ጥሩ ነው፤ ፍርሃት እንዳይሆን ብቻ። ጥንት ይህ ዙሪያ አንጎት ከሚባለው ግዛት ጋር የተያያዘ ነበር። ቆላው ላይ ዶብዓ የሚባሉ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ በእደ ማርያም ዘምተውባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ በዚህ አካባቢ ሲያልፍ ስለ ዶብዓዎች ጽፏል። ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ደግሞ ኦሮሞዎች መጥተው ሰፈሩ፤ ራያና አዘቦ የሚለው ስም ከእነርሱ ጋር ይያያዛል። ከምዕራብ የላስታ አገው፣ ከደቡብ የየጁ ሰው፣ ከሰሜን ትግርኛ ተናጋሪው፣ ከምሥራቅ አፋሩ ወደዚህ ሜዳ ወርደዋል፤ ተጋብተዋል፣ ተዋግተዋል፣ ታርቀዋል። ዛሬ ቆቦ ላይ የምትሰሚው አማርኛ የወሎን ለዛ ይዞ የትግርኛና የኦሮምኛ ቃል የተቀላቀለበት ነው። ራያ ለብዙ ሰው ከሌላው ስም ሁሉ በፊት የሚመጣ ስም ነው። ልጆቹ ስለ ራሳቸው የሚሉትን ስሚ፤ አንቺ አታርሚያቸው።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የራያ ቆቦ ወረዳ ሕዝብ 221,958 ነበር፤ ከተማዋ 25 ሺህ ገደማ። አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ እስላሙም ብዙ ነው። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱንም ታገኛለሽ። ሰው ሲሞት በቅሬው፣ በእድሩ ማለት ነው፣ ይቀበራል፤ ቅሬው ደግሞ የጎረቤት ነው። ነሐሴ 16 ልጃገረዶች ሶለል ብለው ሲወጡ ታያለሽ፤ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ዋግ ላይ ሻደይ የሚባለው ማለት ነው። አንቺም ወጥተሽ እዪ፤ እኔ ስነግርሽ አይጥምም።

መምህርቷ፦ ከአፋሮች ጋርስ?

ሽማግሌው፦ ድርቅ ሲሆን የአፋር ግመልና ከብት ሣር ፍለጋ ወደዚህ ይመጣል፤ የእኛም ከብት ወደዚያ ይወርዳል። በሣር ሰው ተገዳድሏል፤ ደም የተቃባ ብዙ ነው። ገበያው ግን አልተቋረጠም። ጠቡ ሲበረታ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ደም ይደርቃል። ደግሞ ጎሊናም አላ ውሃም ከእኛ የተረፋቸውን ይዘው የሚወርዱት ወደ አፋር ነው። እኛ የጊዳን ታችኛ ነን፤ የአፋር ደግሞ ላይኛ።

መምህርቷ፦ እስካሁን ውሃ ውሃ አልን። ከተማዋ የቆመችው ግን አስፋልቱ ላይ ነው። እኔ የማየው ሆቴሉም፣ መናኸሪያውም፣ ባጃጁም መንገዱን ተከትሎ ነው።

ሽማግሌው፦ እውነትሽን ነው፤ ከተማን ከተማ ያደረገው መንገዱ ነው። ከወልዲያ ተነስቶ በጎብዬ፣ በሮቢት፣ በቆቦ አድርጎ ወደ አላማጣ ይሄዳል፤ ከዚያ የግራካሱን ዳገት ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያለ ወጥቶ ኮረም ይገባል። ጣሊያን ነው አስመራን ከደሴና ከአዲስ አበባ ለማገናኘት ለመኪና የሠራው። መንገድ ደግሞ ጦርም ያመጣል። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተሸነፈ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲያፈገፍግ ከራያና ከአዘቦ ወገን ጣሊያን ያስታጠቃቸው ሰዎች አጥቅተውታል። ይህን ስታስተምሪ አትሸፋፍኚው፤ ግን ምክንያቱንም አክይበት። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1921ና በ1922 ዓ.ም. ገደማ፣ ራያና አዘቦ አምፀው መንግሥት ጦር አዝምቶባቸው ነበር። ቂሙ አልበረደም። በ1935 ዓ.ም. በተነሳው የወያኔ አመፅም ራያዎች ነበሩበት። በንጉሡ ዘመን ራያና ቆቦ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ነበር፤ በ1984 ዓ.ም. ክልል ሲዋቀር ቆቦ በአማራ፣ አላማጣና ኮረም በትግራይ ሆኑ። በእኛና በአላማጣ መካከል ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአንድ ሜዳ፣ የአንድ ማሽላ፣ የአንድ ቤተ ዘመድ ሰዎች መካከል መስመር ተሰመረ። ስለዚህ መስመር ብዙ ደም ፈሷል፤ ክርክሩም አላበቃም።

መምህርቷ፦ ስለ ረሃቡ ግን አልነገሩኝም።

ሽማግሌው፦ ልነግርሽ እየከበደኝ ነው እንጂ አልዘለልኩትም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ሲቀር ሰው የወጣው ወደዚህ አስፋልት ነው። መኪና ያልፋል፣ አንድ ሰው ያየናል ብሎ። መንግሥት አይቶ እንዳላየ ሆነ። ጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልሙን በቴሌቪዥን ሲያሳይ ዓለም አወቀ፤ ያ ሥዕል ንጉሡን ከዙፋን ለማውረድ ከረዱት ነገሮች አንዱ ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ እንደገና መጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ያሳየው የኮረም መጠለያ እዚህ ከበላያችን ነው፤ ካሜራውን የያዘው መሐመድ አሚን ነበር። ከራያ ቆላ ስንቱ ግራካሱን በእግሩ ወጥቶ እዚያ ሞተ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጥ የጻፉትን አንብቢው፤ ድርቅ ብቻውን ሰው እንደማይገድል፣ ገበሬውን ጥሪት ያሳጣው አገዛዝ አብሮ እንደሚገድል ያስረዱሻል። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ድርቁን ሰማይ ያመጣዋል፤ ረሃቡን ግን ሰው ሊያስቀረው ይችል ነበር።

መምህርቷ፦ የቅርቡንስ? ተማሪዎቼ ያዩት ነው። ደብተራቸው ላይ ታንክ የሚሥሉ አሉ።

ሽማግሌው፦ መጀመሪያ መስከረምና ጥቅምት 2013 አንበጣ መጣ። የደረሰ ማሽላና ጤፍ በዓይናችን እያየን ተበላ፤ ሰው ጨርቅ እያውለበለበ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ቢከላከልም አልሆነም። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ ሐምሌ 2013 የትግራይ ኃይሎች ከተማዋን ያዙ። ጳጉሜ 4 ቀን ሲቪሎች ተገደሉ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያ ዕለት ቆቦ ውስጥ የተፈጸመውን ግድያ መዝግቦ አውጥቷል። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ጦርነቱ ዳግም የተነሳው በዚሁ አቅጣጫ ነበር፤ ከተማዋም እንደገና ተያዘች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ቤቱ ሰው ያልሞተበት ልጅ ክፍልሽ ውስጥ ስንት እንዳለ አላውቅም። ታንክ የሣለውን ልጅ አትቆጪው። ከጎኑ ተቀምጠሽ የቤቱን ማሳ እንዲሥልልሽም ጠይቂው።

መምህርቷ፦ ከምድር ውስጥ የሚወጣው ውሃ ብዙ ነገር ይለውጣል ይባላል።

ሽማግሌው፦ ለውጧልም። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓድ እያስቆፈረ፣ በኤሌክትሪክ ፓምፕ እየሳበ፣ በጠብታ መስኖ ጭምር ሽንኩርትና ቲማቲም አስመርቷል። በበጋ አረንጓዴ ማሳ ማየት ለእኛ ዘመን ሰው ሕልም ነበር። መብራት በተቋረጠባቸው የጦርነት ወራት ግን ፓምፑ ዝም አለ፤ ያኔ በጎርፍ የሚያጠጣው ገበሬ የተሻለ ቆመ። ሌላም ነገር አለ። ያ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ውሃ ከሌላ ዓለም የመጣ የሚመስለው ሰው አለ። እርሱም ከጊዳን የወረደው ነው፤ በጠጠሩና በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ የተቀመጠው። ጎርፉ ሜዳው ላይ ተንሸራሽሮ ካልሰረገ፣ ደጋውም ተራቁቶ ውሃው በአንድ ጊዜ ተንደርድሮ ካለፈ፣ ጉድጓዱ የሚሞላው ከየት ነው? ስለዚህ ጊዳን ላይ የሚሠራው እርከን የቆቦ ሥራ ነው። የቆቦ ገበሬ ለጊዳን እርከን ጉልበት ቢያዋጣ ለራሱ ጉድጓድ ነው ያዋጣው። በአባቶቻችን ሕግ ታችኛው ለላይኛው ጠለፋ ይሠራል፤ ያ ሕግ እስከ ተራራው ራስ መዘርጋት አለበት ብዬ ነው የማምነው። የውሃ አባት ለሆርማት ብቻ ሳይሆን ለተፋሰሱ ሁሉ ያስፈልጋል፤ ጊዳኑም፣ ቆቦውም፣ አፋሩም የሚቀመጥበት።

መምህርቷ፦ ይህን ሁሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ አልጨርሰውም።

ሽማግሌው፦ አትጨርሺው። ልጆቹን ወደ ሆርማት ውሰጂያቸው። መጀመሪያ ወንዙ ውስጥ ድንጋይ ያሰብስቡ፤ ከየትኛው ተራራ እንደወረደ ራሳቸው ይናገሩ። ቀጥሎ የጠለፋውን ቦታ ያግኙ፤ እናት ቦዩን ተከትለው እስከ መጨረሻው ማሳ ይሂዱና የታችኛውን ማሳ ባለቤት ባለፈው ክረምት ስንት ጊዜ እንደጠጣ ይጠይቁት። የላይኛውንም እንዲሁ። ሁለቱ የሚነግሯቸው ካልተስማማ ሦስተኛ ሰው ይፈልጉ። ከዚያ ካርታ ይሥሉ።

መምህርቷ፦ መቼ ልውሰዳቸው?

ሽማግሌው፦ ሰኔ ሳይገባ፣ በጠዋት። ቆቦ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ጊዳን ላይ ደመና ካየሽ ግን ልጆቹን ከወንዙ አውጥተሽ ከፍ ያለው ዳር ላይ አቁሚያቸው። ድምፅ እስክትሰሚ አትጠብቂ።